ጎማው ሳይነሳ ቫኗ አትሄድ

ወሬ ወሬ ስላችሁ «አምጣው ዛሬ!» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ጠጋ በሉ። ይህ ወሬ ሲጀምር ትንሽ ነው፤ እንደ ጎማ እየተነፋ ነው የሚሄደው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ይርዳው የሚባል ሾፌር ነበር። ቫን ይነዳል። ቫኗ ግን የሱ አይደለችም፣ የእትዬ ሙላቷ ናት፤ እሱ ይነዳል፣ እሳቸው ያዛሉ። ድንችና ጥቅል ጎመን ጭኖ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ ሽንኩርት ጭኖ ይመለሳል። ሚስቱ ተናኘ ያለችው ደግሞ በሌላኛው በኩል ነው፤ ከጣርማ በር ቁልቁለት በታች፣ ሸዋ ሮቢት፣ እናቷ ቤት። ለመውለድ ወደ እናቷ ወረደች፤ ሴት ልጅ ወለደች። ይርዳው ልጁን አላያትም። የሚያውቃት በስልክ ነው፣ ያውም ለቅሶዋን ብቻ። አዋሽ መንገድ ላይ መሪውን ይዞ ሲሄድ ያ ለቅሶ ጆሮው ውስጥ ይቀራል፤ ሬዲዮ ቢከፍትበትም አይጠፋም። ሰው መልኳን የማያውቃትን ልጅ እንዴት ይናፍቃል ትሉ ይሆናል። ይናፍቃል። እንዲያውም የባሰ ነው፤ ፊቷን ስለማያውቀው በየመንገዱ ያየው ሕፃን ሁሉ እሷን ይመስለዋል።

አማቱ እማማ አሰለፈች ቀልደኛ ናቸው፤ ቀልዳቸው ግን ጥርስ አለው። ትናንት ደውለው እንዲህ አሉት፦

«ስማኝ የኔ ልጅ፣ ነገ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ለልጅቷ ስም ይወጣላታል። ስም የሚያወጣ አባት ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደረስክ ያልከውን እንላታለን። ካልደረስክ እኔ አወጣላታለሁ፤ አስቤ ጨርሻለሁ።»

«ማን ሊሏት ነው?»

«ረሳሽ።»

ይርዳው ሳቀ። ሴትየዋ አልሳቁም።

እስቲ አስቡት። ልጅቷ አድጋ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ አስተማሪው ስም ይጠራል፤ «ረሳሽ ይርዳው!» እሷም «አቤት» ትላለች። ዕድሜዋን ሙሉ፣ በተጠራች ቁጥር፣ አባቷ ይርዳው እንደረሳት ሊነገራት ነው። ይርዳው ይህን ሲያስብ መሳቁን ተወ።

ደግነቱ በዚያው ቀን እትዬ ሙላቷ «የአዋሹ ቀርቷል፣ ሸዋ ሮቢት ገበያው ጥሩ ነው አሉ፣ ነገ ወደዚያ ውረድ» አሉት። ፊቱን አዙሮ ነው ፈገግ ያለው፤ እንዳያዩበት።

ጠዋት ተነሳ። የደብረ ብርሃን ጠዋት ታውቁታላችሁ፣ ጆሮ ይቆርጣል። ቫኗ ተጭና ቆማለች፤ ግን ወደ አንድ ጎኗ ዘመም ብላለች። ዞሮ ቢያይ የኋላ ግራ ጎማው ቁጭ ብሏል። በእግሩ ረገጠው፣ ለስለስ ብሎ ገባለት።

«ተነስ እንጂ! ምነው ዛሬ?» አለው።

ጎማው አልነሳ አለ። ንፋስ የጎደለው ጎማ ምን ብሎ ይነሳ? ጭነት አለ፣ ቁልቁለት አለ፣ ጠመዝማዛ አለ፤ በዚህ ጎማ ጣርማ በርን መውረድ ገደሉን «መጣሁልህ» ማለት ነው። እንግዲህ ጎማው ሳይነሳ ቫኗ አትሄድ፤ ቫኗ ሳትሄድ አባት ልጁን አያቅፍ።

ቫኗ ከቆመችበት ማዶ የጌጡ ቤት ነው። ጌጡ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይጠግናል፣ ንፋስ ይነፋል። የሚለካው ደግሞ በመዶሻ ነው፤ ጎማውን ድም ድም ያደርግና ጆሮውን ሰጥቶ «በቃው» ይላል። ከተማው ሁሉ በጌጡ ጆሮ ነው የሚሄደው።

«ጌጡ፣ በናትህ ንፋልኝ፣ ቸኩያለሁ!»

«አልነፋም» አለ ጌጡ።

«እንዴት ነው የማትነፋው? ንፋስ አለቀብህ?»

«ንፋስማ ሞልቷል፤ የጠፋው ልኩ ነው። ባለፈው ለአንዱ በጆሮዬ ለክቼ ነፋሁለት፣ ቁልቁለቱ ላይ ፈነዳበት። ሰውየው ተረፈ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሳበዛው ይፈነዳል፣ ሳሳንሰው ይግልና ይበጣጠሳል። በመለኪያ ካልሆነ ለተጫነ መኪና አልነፋም ብዬ ምያለሁ፣ ማርያምን!»

«አንተ ደግሞ የምትምለው የኔን ቀን ጠብቀህ ነው? የራስህ መለኪያስ?»

«መርፌው ሞቷል። ጋሽ አበጋዝ ጋ ሂድ፤ ደህና መለኪያ ያለው እሳቸው ጋ ነው።»

ይርዳው ሮጠ። መለኪያው ሳይመጣ ጌጡ አይነፋ፤ ጌጡ ሳይነፋ ጎማው አይነሳ፤ ጎማው ሳይነሳ ቫኗ አትሄድ፤ ቫኗ ሳትሄድ አባት ልጁን አያቅፍ። ፀሐይዋ ደግሞ ማንንም ሳትጠብቅ ከቆርቆሮው በላይ ወጣች።

ጋሽ አበጋዝ ድሮ የተሳቢ ሾፌር ነበሩ፤ አሁን በራቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። መለኪያቸው በመሐረብ ተጠቅልሎ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ሌላው ሰው መነጽሩን እንደሚይዘው።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? መለኪያዎን ያውሱኝ፣ አሁኑኑ እመልሳለሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጎማህ ስንት ነው የሚነፋው?»

«እሱን ልለካ ነዋ።»

«አይደለም። መለኪያ የሚነግርህ አሁን ያለውን ነው። የሚገባውን ማን ይነግርሃል? ሰው ሁሉ ይዋሰኛል፤ ጎማው ላይ ይሰካዋል፣ መርፌውን ያያል፣ ‹አሃ!› ይላል፣ ይመልስልኛል። አሃ ለማለት አላውስም።»

ይርዳው «ጋሼ፣ ልጄ ጋ...» ሊል አፉን ከፈተና ዋጠው። ልጅ መውለዱን ለማንም አልተናገረም። በዚህ ከተማ ጠዋት የተነገረ ነገር ምሳ ሳይደርስ እትዬ ሙላቷ ጋ ይደርሳል፤ እሳቸው ደግሞ ልቡ ቤቱ የቀረ ሾፌር አይወዱም ይባላል።

«እና ምን ላድርግ?» አለ በምትኩ።

«የሾፌሩን በር ክፈት። በሩ የሚገጥምበት ብረት ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ከፊት ስንት፣ ከኋላ ስንት፣ ባዶዋን ስትሆን ስንት፣ ስትጫን ስንት፤ የሠሯት ሰዎች ጽፈውልሃል። ቁጥሩን አምጣ፣ መለኪያውን ውሰድ።»

ሮጠ። በሩን ከፈተ። ወረቀት የለም፤ ያለው ሰማያዊ ቀለም ነው። እትዬ ሙላቷ ቫኗን ከሰው እጅ ሲገዙ «የድሮ ባለቤቷ ዕድል ተለጥፎብኝ እንዳይቀር፣ አንድም የድሮ ነገር እንዳይታየኝ» ብለው አስቀብተዋታል። ቀቢው ደግሞ ታዛዥ ሰው ነው፤ በሩን ቀባ፣ የበሩን ውስጥ ቀባ፣ ትርፍ ጎማ የሌለበትን የትርፍ ጎማ ማሰሪያ ቀባ፣ ወረቀቱንም ቀባው። ይርዳው ጣቱን ሲያስኬድበት የወረቀቱ ጠርዝ ከቀለሙ ሥር ይሰማዋል። እዚያው አለ። አይታይም እንጂ አለ። ልክ እንደ ልጁ።

ቁጥሩ ሳይታይ መለኪያው አይመጣ፤ መለኪያው ሳይመጣ ጌጡ አይነፋ፤ ጌጡ ሳይነፋ ጎማው አይነሳ፤ ጎማው ሳይነሳ ቫኗ አትሄድ፤ ቫኗ ሳትሄድ አባት ልጁን አያቅፍ።

ቀቢው ደግፌ ይባላል። የአንድ ሰውዬ የግቢ በር እየቀባ ነበር፤ ራሱም እስከ ቅንድቡ ተቀብቷል።

«ደግፍዬ፣ ና ቀለም ፋቅልኝ።»

«የማንን ቀለም?»

«ያንተን።»

«የራሴን ቀለም? አንተ ሰው፣ ጤና ነህ? አናጢን የሠራኸውን ወንበር ስበር ትለዋለህ?»

«ይቺን ታህል ነው፣ መዳፍ የማትሞላ! በሩ ውስጥ ናት፣ ማንም አያያትም።»

«እትዬ ያያሉ። ‹አንዲት ጭረት ባይ ብሩሽህን አስበላሃለሁ› ብለውኛል። እሳቸው ሳይፈቅዱ ብሩሼን ተወው፣ ጥፍሬን አላስጠጋም።»

ይርዳው ተመልሶ ቫኗ ጋ መጣ፤ የኋላውን በር ከፍቶ ጭነቱ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ሳያስበው አንድ ጥቅል ጎመን አንስቶ ክንዱ ላይ አጋደመ። ይህን ያህል ትሆን ይሆን? ትንሽ ታንስ ይሆን? ራሷ በየት በኩል ነው የሚያርፈው? አሁን እያጠቧት ይሆናል፣ አሁን እያለበሷት ይሆናል። ቀስ ብሎ ወዝወዝ አደረገው።

ጌጡ ከማዶ አየው። «ይርዳው! ጎመን ማጥባት ጀመርክ እንዴ?»

ይርዳው ጎመኑን ቶሎ አስቀምጦ ተነሳ፤ ፊቱ ፍም መሰለ። እትዬ ሳይፈቅዱ ቀለሙ አይፋቅ፤ ቀለሙ ሳይፋቅ ቁጥሩ አይታይ፤ ቁጥሩ ሳይታይ መለኪያው አይመጣ፤ መለኪያው ሳይመጣ ጌጡ አይነፋ፤ ጌጡ ሳይነፋ ጎማው አይነሳ፤ ጎማው ሳይነሳ ቫኗ አትሄድ፤ ቫኗ ሳትሄድ አባት ልጁን አያቅፍ። ፀሐይዋም መሐል አናት ላይ ደረሰች።

እትዬ ሙላቷ ድንች መጋዘናቸው ውስጥ ሲያስራግፉ አገኛቸው። ገና ሲያዩት ድምፃቸው ቀደማቸው።

«አንተ! አሁንም እዚህ ነህ? እኔ እኮ ሸዋ ሮቢት ገብተህ ውሃ የምትጠጣ ነው የመሰለኝ!»

«እትዬ፣ ትንሽ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው። በሩ ላይ ያለችውን ቀለም...»

«ቀለሜን! ቀለሜ ምን አደረገህ?»

«ትንሽ ትፋቅ።»

«ስማ፣ መጀመሪያ ድንቹ ሸዋ ሮቢት ደረሰ ብለህ ደውልልኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ቀለም በለው፣ ስለ ጎማ በለው፣ ስለፈለግኸው እንነጋገራለን። ድንቹ ሳይደርስ አንዲት ቃል አልሰማም!»

ይርዳው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ባንድ ትንፋሽ ለቀቀው።

«እትዬ፣ ድንቹ ሳይደርስ እርስዎ አይፈቅዱ፤ እርስዎ ሳይፈቅዱ ቀለሙ አይፋቅ፤ ቀለሙ ሳይፋቅ ቁጥሩ አይታይ፤ ቁጥሩ ሳይታይ መለኪያው አይመጣ፤ መለኪያው ሳይመጣ ጌጡ አይነፋ፤ ጌጡ ሳይነፋ ጎማው አይነሳ፤ ጎማው ሳይነሳ ቫኗ አትሄድ፤ ቫኗ ሳትሄድ ደግሞ ድንቹ አይደርስ! ይንገሩኝ እስቲ፣ በየት በኩል ልግባ?»

አራጋፊዎቹ ሳቁ። እትዬም ሊስቁ ነበር፤ ያኔ ስልኩ ጮኸ። የይርዳው ስልክ ጆሮ ላይ ሲያስጠጉት አይሰማም፤ ለመንደሩ ካልጮኸ አይናገርም። ከፈተው።

«አንተ ሰው፣ የት ደረስክ?» አማቱ ናቸው።

«መንገድ ላይ ነኝ እማማ።»

«መንገድ ላይ! ድንች ሲራገፍ የሚሰማበት መንገድ የቱ ነው? ዘመድ መጥቷል። ልጅቷን አጥበን አልብሰናታል። ፀሐይዋን እያየኋት ነው፤ የማላየው አንተን ነው። ረሳሽ ብለናት ወደ ምግባችን እንሂድ?»

ይርዳው መልስ ሊሰጥ ሲል ከስልኩ ወዲያ ማዶ ያ ለቅሶ መጣ። ቀጭን ሆኖ ጀመረ፣ መሐል ላይ ተሰበረ፣ ደግሞ ተነሳ። ድንች የያዘው ከነድንቹ ቆመ። ይርዳው ስልኩን እንደያዘ አንገቱን ወደ ድምፁ ዘንበል አደረገ። መስመሩ ተቋረጠ።

«የማን ልጅ ናት?» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ወርዷል።

«የኔ ናት።»

«መቼ ወለድክ?»

«እኔ አዋሽ እያለሁ ነው። አላየኋትም እስካሁን።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልቡ ቤቱ ነው ብለው ሌላ ሾፌር ይፈልጋሉ ብዬ።»

እትዬ አዩት። «ከጠዋት ጀምሮ ከተማውን የምትዞረው ጎማ፣ ቀለም፣ ቁጥር እያልክ ነው። ጎማ ነው የናፈቀህ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው? አፍ የለህም? በለው!»

ይርዳው አለው። «ልጄን ልታቀፋት ፈልጌ ነው።» ከተወለደች ጀምሮ ይህን ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

እትዬ ሙላቷ ነጠላቸውን እያጣፉ በሩን አልፈው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ ሄደው ሄደው ደግፌ ፊት ቆሙ።

«ና፣ ፋቅ!»

«ምኑን እትዬ?»

«ቀለሜን ነዋ! አባት ልጁን አላየም፣ አንተ እዚህ ብሩሽ ታመላልሳለህ?»

በቃ፣ ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ተበጠሰ። እትዬ ፈቀዱ፤ ደግፌ ጨርቁን ቲነር አስነክቶ የሕፃን ፊት እንደሚጠርግ ሰው ቀስ ብሎ አሸው። ሰማያዊው ለቀቀ፣ ነጩ ብቅ አለ። ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል፤ ስትጫን የንፋሱ ልክ ከፊት ሦስት ባር፣ ከኋላ አራት ከሩብ። እትዬ ተጠግተው አዩና «ይህን የሸፈነብኝ ማን ነው?» አሉ። ደግፌ ቀና ብሎ ደመናውን ማየት ጀመረ። ቁጥሩ ታየ፤ ጋሽ አበጋዝ ወሬው ደርሷቸው ራሳቸው መለኪያውን ይዘው መጡ። መለኪያው መጣ፤ ጌጡ ነፋ። ነፋ፣ ለካ፣ ጨመረ፣ ለካ፣ ትንሽ ለቀቀ፣ ለካ። አራት ከሩብ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አስተካከላቸው። ጎማው ቀስ እያለ ከመሬት ተነሳ፤ ቫኗም ወገቧን አቀናች።

«ግን ለምን ነው ሁልጊዜ ጠዋት የሚጎድልብኝ?» አለ ይርዳው። «ጌጡ ስንቴ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ቀዳዳ የለውም።»

«አዋሽ ስትደርስ ምን ታደርገዋለህ?» አሉ ጋሽ አበጋዝ።

«ሲግልና ሲጠጥርብኝ ትንሽ አስተነፍሰዋለሁ፤ ሾፌር ሁሉ እንደሚያደርገው።»

«አየህ? በሙቀት ያበጠውን ትለቃለህ፤ ብርድ አገር ስትመለስ የቀረው ይኮማተራል፣ ጠዋት ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ቀዳዳውማ ያንተ እጅ ነው! ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይንከባለል፣ እንደቀዘቀዘ ነው። መንገድ ላይ ቢጠጥርብህ አትንካው፣ የሙቀቱ ነው፣ ይበርድለታል። በል ይዘኸው ውረድ።» መለኪያውን ከነመሐረቡ እጁ ላይ አስቀመጡለት።

ቫኗ ሄደች።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ዋጣት፣ ዋሻው ዋጣት፣ ማዶ ተፋት። ከዚያ ቁልቁለቱ። ጆሮው ድፍን ብሎ ተከፈተ፣ ጃኬቱን አወለቀ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ደብረ ሲና አለፍ ብሎ ሾፌሮች መንገድ ዳር ቆመው ጎማቸውን ያስተነፍሳሉ፤ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። እሱም ቆመ። ጎማውን ሲነካው እጁን ፈጀው። ለካው፣ ከአራት ከሩብ አልፏል። ቢፈነዳስ? ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እዚህ ቢቀርስ? ያቺን ልጅ ማን ብለው ይጠሯታል? እጁ ለምዶበት ወደ መተንፈሻው ክዳን ሄደ፤ ይዞትም ቆየ። «ወንድም፣ ልቀቀው እንጂ፣ ይፈነዳብሃል!» አለው አንዱ። ይርዳው ክዳኑን መልሶ አጠበቀና መኪናው ውስጥ ገባ። ቀሪውን ቁልቁለት በቀስታ፣ በከባድ ማርሽ ወረደው፤ ልቡ ብቻ ነበር የሚፈጥነው።

ሸዋ ሮቢት ሲገባ ፀሐይዋ ጋራው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እማማ አሰለፈች በር ላይ ቆመዋል፤ ፀሐይዋን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ደግሞ ፀሐይዋን አዩ።

«ለጥቂት ነው የተረፍከው» አሉት። «መጀመሪያ ያን ጥቁር እጅህን ታጠብ!»

ታጠበ፤ ደግሞ ታጠበ። ተናኘ ከውስጥ አየችው፤ ዓይኗ ሞላ። ልጅቷን አንስታ ሰጠችው። ይርዳው ክንዱ ደነደነ።

«አታጥብቃት! ድንች አይደለችም!» ጮኹ አማቱ።

ለቀቅ አደረገ።

«አታላላት ደግሞ! ራሷን፣ ራሷን ደግፍ! እህ... እንደሱ። አዎ። እንደዚያው ያዛት።»

እንደዚያው ያዛት። ልጅቷ አታለቅስም ነበር። እሱ የሚያውቀው ለቅሶዋን ነው፤ ዝምታዋን አያውቀውም። መዳፉ ሥር ደረቷ በትንሹ ይነሳል፣ በትንሹ ይወርዳል፤ ይነሳል፣ ይወርዳል። ፊቷ በመንገድ ላይ ካያቸው ሕፃናት የአንዳቸውንም አይመስልም።

«በል አባት፣ ማን እንበላት?» አሉ እማማ። ዘመድ ሁሉ ጆሮውን ሰጠ።

ይርዳው ራሱን አከከ። ስም አላሰበም!

«ቀኑን ሙሉ ምን ስታስብ ዋልክ?» አለች ተናኘ።

«ጎማ» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሳቁ መሐል ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ወደ ላይ አየችው፤ እሱም አያት።

«አገኘሽ» አለ።

እማማ ስሙን አፋቸው ውስጥ አዟዟሩት። «አገኘሽ... አገኘሽ ይርዳው።» ከዚያ እልልታውን ለቀቁት፣ ጎረቤት እስኪወጣ። ሲጨርሱ እጃቸውን ዘረጉ፤ «በል አሁን ስጠኝ፣ ትጥባ።»

«እማማ፣ በእናትዎ፣ ትንሽ ይቆዩ» አለ ይርዳው። «አሁን ገና ነው የደረስኩት።»

ቆዩለት። እኔም ወሬዬን እዚሁ አቆምኩ፤ እናንተም ጎማችሁን ሳይግል ለኩ።